በየሳምንቱ የሚመጣው ‹‹ድንገተኛ››

የሐኪም ቤቶቻችንን በሮች ልብ ብላችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ‹‹ካርድ ክፍል›› ይላል፤ ካርድ ይወጣበታል። ‹‹መርፌ ክፍል›› ይላል፤ መርፌ ይወጉበታል። ‹‹ማዋለጃ›› ይላል፤ ይወልዱበታል። ‹‹መድኃኒት ቤት›› ይላል፤ መድኃኒት ይሰጥበታል፤ ከሌለም ‹‹ከውጭ ግዙ›› ይባልበታል። በሩ ሁሉ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ይናገራል። አንዱ በር ብቻ ሥራውን ትቶ የእኛን መደንገጥ ይናገራል፤ ‹‹ድንገተኛ›› ይላል።

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ቃል ላይ ሙጭጭ ቢል አይፈረድበትም። ደግሞም ቃሉ ቀላል ቃል አይደለም። ‹‹ድንገት›› ማለት ሳይታሰብ፣ ሳይጠበቅ፣ ቀን ሳይቆረጥለት ማለት ነው። ሳይጠበቅ ለመጣ ነገር ደግሞ ‹‹ለምን አልተዘጋጀህም?›› ተብሎ የሚጠየቅ የለም። እንግዳ በድንገት ሲመጣባት ባለቤቲቱ ‹‹ምነው ቀደም ብላችሁ ብትልኩብኝ!›› ትላለች እንጂ ወጥ አልሠራሽም ተብላ አትወቀስም። ቃሉ ይቅርታ አብሮት የተወለደ ቃል ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በገጠር ከተሞቻችን በቃሬዛ፣ በባጃጅ፣ በሰው ጀርባ ተጭኖ ወደዚያ በር የሚመጣው ጉዳት እውነት ሳይጠበቅ የመጣ ነው?

መልሱን ከአንዲት ከተማ ስም እንጀምር። በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አካባቢ፣ ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ራሱ የቀን መቁጠሪያ ነው። እንዲህ በዕለት ስም የተጠሩ ከተሞችና መንደሮች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ ሰኞ ገበያ አለ፣ አርብ ገበያ አለ፣ ቅዳሜ ገበያ አለ። ሰዎቹ ለቦታቸው ስም ሲያወጡ ‹‹እዚህ በዚህ ቀን ብዙ ሰው ይገናኛል›› ብለው በግልጽ ነግረውናል። ነገሩን ካርታ ላይ ጽፈው ሰጥተውናል። የምናነበው ግን ነጋዴዎቹ ብቻ ነን። ጤና ጥበቃው፣ ፖሊሱ፣ መንገድ ትራንስፖርቱ ያንን ስም ሲያነብ የሚታየው አድራሻ ብቻ ነው።

የገበያ ቀን እንዴት እንደሚውል ለአንባቢ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ቢሆንም በዓይነ ልቡናችን አንድ ጊዜ እንለፍበት፤ ግን በነጋዴ ዓይን ሳይሆን በቁስል ሰፊ ዓይን።

ጠዋት ጤፍና ሽምብራው፣ በግና ፍየሉ፣ ማርና ቅቤው ከየቀበሌው ይጎርፋል። እህሉ አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ ሰው ደግሞ እህሉ ላይ ይጫናል። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያዘነብል ከላይ የተቀመጠው ሰው የሚይዘው ነገር የጆንያ ጆሮ ነው። ስለዚህ የረፋዱ ጉዳት መልኩ ይታወቃል። ከጭነት ላይ መውደቅ፣ የበቅሎ እርግጫ፣ ከብት ተራ ውስጥ የበሬ ቀንድ። ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ይዘጋል፤ ኪስ ይሞላል፤ ጠላ ቤቱና አረቄ ቤቱም አብሮ ይሞላል። በየአጥቢያው ተራርቆ የሚኖር ባለ ወሰንና ባለ ደም ፊት ለፊት የሚገናኝባቸው ቦታዎች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይፈራል፤ ገበያ ላይ ይጠጣል። ስለዚህ የአመሻሹ ጉዳት ሌላ ነው፤ የራስ ፍንክትና የክንድ ስብራት። ሲጨልም መልኩ ደግሞ ይለወጣል። መንገድ ዳር ከአህያው ኋላ እያዘገመ የሚሄደው ገበሬ ይመጣል፤ ከፊቱ አንድ ዓይኑ የጠፋ መኪና፣ በውስጡም ከንጋት ጀምሮ ያልተኛ ሹፌር ይመጣል።

አንዲት የወንድሜ ልጅ አለች፤ በአንዲት የጎጃም የገበያ ከተማ ነርስ ሆና ሠርታለች። ይህንን ሳጫውታት ሳቀችብኝ።

‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ! ለገበያ ማታ የስፌት ክሩንና ፋሻውን የማሰናዳው እኮ ከዋዜማው ነው፤ ልክ እንደ ድግስ።››

‹‹ማን አዝዞሽ?››

‹‹ማንም። ካላሰናዳሁ ማታ በምን ልሰፋቸው ነው?››

‹‹ለበላዮችሽ ነግረሻቸዋል?››

‹‹የሚላከው የወር ድምር ነው። ቀኑ የት ተብሎ ይጻፋል?››

ከዚያ ወዲህ ያቺ ‹‹የወር ድምር›› የምትባል ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም። ወር አራት ሮቦች አሉት። አራቱን ሮቦች ከሃያ ስድስቱ ሌሎች ቀናት ጋር አንድ ላይ ስትደምራቸው ሮብ ትጠፋለች። አዛዡ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ቁጥር ለስላሳ፣ የተስተካከለ፣ ምንም የማይናገር ቁጥር ነው። ከታች ያለችው ነርስ የምታውቀውን እውቀት ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲወጣ ያጥበዋል። እናም ከላይ የተቀመጠው ሰው ቢደነግጥ አይገርምም። እንዲደነግጥ ተደርጎ ነው የተጻፈለት።

ሳምንቱ ብቻ አይደለም፤ ዓመቱም የራሱ ተራ አለው። ጎጃም የባሕረ ሐሳብ አገር ነው። መጥቅዕና አበቅቴ አስልቶ የዘንድሮ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚነግር ደብተራ በየደብሩ አይጠፋም። ጉዳት ደግሞ ከፋሲካ የቀለለ ስሌት ነው፤ አበቅቴም አያስፈልገው። ኅዳርና ታኅሣሥ የማጭድ ወር ነው። አጫጁ በቀኙ ማጭድ፣ በግራው ነዶ ይይዛልና የሚቆረጠው የግራ እጅ ጣት ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሠርግ ላይ ይተኮሳል፤ ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ላይ አይቀርም። ክረምት ሰው ከምድጃ ዳር የሚሰበሰብበት ነው፤ ሕፃናት በፈላ ውኃና በፍም ይቃጠላሉ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ይወድቃል። ባሕር ዛፍ በሚቆረጥበት ሰሞን ዛፉ ቆራጩ ላይ ይመጣል። ይህንን የማያውቅ ገበሬ አለ? የለም። ይህንን የሚያውቅ ዕቅድ አለ? አንባቢ የየወረዳውን ዕቅድ ገልጦ ይየው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስና ስለ ሰዋስው ትንሽ ላውራ። የአደጋ ዜናዎቻችንን እንደ አንድ የድርሰት ዓይነት ቆጥሬ ሳነባቸው አንድ ጠባይ አላቸው፤ አድራጊ የላቸውም። ‹‹መኪናው ተገለበጠ።›› ‹‹መንገዱን ስቶ ገደል ገባ።›› ‹‹ጠመንጃው ባረቀበት።›› ‹‹ሰውየው ተፈንክቶ ተገኘ።›› እስኪ ‹‹ባረቀ›› የሚለውን ግስ ቅመሱት። ከመብረቅ ጋር አንድ ቤት ነው። መብረቅ ማንም አይከሰስበትም፤ ከሰማይ ነው። ጠመንጃ ግን ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ገዝቶታል፣ አንድ ሰው አጉርሶታል፣ አንድ ሰው ልጆች በሚጫወቱበት ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። አንዲቷ ግስ እነዚህን ሁሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ነፃ ታወጣለች።

ዜናው አድራጊ ሲፈልግ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው የሚያገኘው፤ ሹፌሩን። ‹‹ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር›› ይባላል፤ ነጥብ። ፍጥነት ይገድላል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጭነቱን አብዝቶ ያስጫነው ነጋዴ የለም፤ በቀን ይህን ያህል ምልልስ ካላመጣህ ቁልፌን መልስ ያለው ባለ ንብረት የለም፤ እግረኛ የሚሄድበት ጠርዝ ሳይሠራ የቀረው መንገድ የለም፤ ሰው እህል ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ ያየው ኬላ የለም።

ሕዝቡ ራሱ ግን ከዜና ጸሐፊዎቹ የተሻለ ሐያሲ ነው። አይሱዙን ‹‹አልቃይዳ›› ብሎ የሰየመው፣ ቀዩን ሲኖትራክ ‹‹ቀይ ሽብር›› ያለው ሕዝቡ ነው። ስንሰማው ሥቀናል፤ ሳናነበው ነው የሣቅነው። ሽብር በድንገት አይደርስም። ሽብር የሚያዝዘው፣ የሚያሰማራው፣ የሚጠቀምበት አለው። ሕዝቡ በሁለት ቅጽል ስሞች ‹‹ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም›› ብሎ አስቀምጦት ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግስ ግን ‹‹ወደቅሁ›› ነው። አንዲት ሴት ክንዷን አቅፋ ትመጣለች። ‹‹ምን ሆነሽ ነው?›› ‹‹ወደቅሁ።›› ይጻፋል፤ ‹‹መውደቅ›› ተብሎ። አጥንት ግን ሰዋስው አያውቅም፤ አይዋሽም። ሰው ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ መሬት ይመልሳልና ብዙ ጊዜ የሚሰበረው አንጓው አካባቢ ነው። በዱላ ሲመታ ግን ፊቱን ለመከለል ክንዱን ከፍ ያደርጋል፤ ዱላው የሚያርፈው በትንሿ ጣት በኩል ባለችው የክንድ አጥንት መሐል ላይ ነው። ያቺ አጥንት ብቻዋን መሐሏ ላይ ተሰብራ ሲያይ ሐኪም የመመከት ስብራት ሊሆን እንደሚችል ያስባል። መዝገቡ ‹‹ወደቀች›› ሲል ራጁ ‹‹ተመታች›› ይላል። ከሁለቱ ጽሑፎች የትኛውን እንደምናምን እንግዲህ የእኛ ፈንታ ነው። ሴትዮዋ ‹‹ወደቅሁ›› የምትለው የምትመለሰው ወደዚያው ቤት ስለሆነ ነው፤ እሷ አይፈረድባትም። የሚፈረድበት አንድ ጊዜ እንኳ ለብቻዋ ወስዶ፣ ባሏን በር ላይ አስቀርቶ፣ ያልጠየቃት ነው።

‹‹እግዜር ያመጣውን ምን ታደርገዋለህ? ቀኑ ደርሶ ነው›› የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት ሄጄ እኔም የምለው እሱኑ ነው። ልጇን ለቀበረች እናት የጭነት ልክ ሕግ አይነገራትም፤ ‹‹ቀኑ ነው›› የሚለው ቃል የሐዘን መድኃኒት ነው፤ ለዘመናት አገልግሎናል። ችግሩ የለቅሶ ቤቱ ቃል ቢሮ ሲገባ ነው። ድንኳን ውስጥ ምሕረት የነበረው ቃል ዕቅድ ውስጥ ስንፍና ይሆናል።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ሃደን እ.ኤ.አ. በ1966 የአገሩን የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዲመራ ሲሾም ‹‹አደጋ›› የምትለውን የእንግሊዝኛ ቃል አጥብቆ ይጠላ ነበር። ጉዳትን በሦስት ከፍሎ መመርመርን አስተማረ፤ ከመድረሱ በፊት፣ ሲደርስ፣ ከደረሰ በኋላ። በሦስቱም ላይ ሰው ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ አለ። የብሪታንያ የሐኪሞች መጽሔት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቺኑ ቃል ከገጾቹ አገደ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ አብዛኛው ጉዳት አስቀድሞ የሚታወቅና የሚከላከሉት ነው፤ ቃሉ ግን እንዳይመስል ያደርገዋል። እነዚህ ሰዎች ገጣሚዎች አልነበሩም፤ ሐኪሞች ናቸው። ቃል እንደሚገድል ስለገባቸው ነው ቃል የነቀፉት።

ቃል ሲያጠፋ ደግሞ ሰውም ከቁጥር ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ በመንገድ ላይ ግጭት የሞቱ ተብለው በመንግሥት የተመዘገቡት ከ4 ሺህ 300 ጥቂት የበለጡ ናቸው። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን ወደ 27 ሺህ ነው። ግምት ግምት ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ቢሆንም በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት አንድ ከተማ የሚሞላ ሰው ነው። የት ገቡ? መንገድ ዳር የሞተውን ትራፊክ ፖሊስ ይቆጥረዋል። ቃሬዛ ላይ የሞተውን፣ ሐኪም ቤት አሥር ቀን ተኝቶ የሞተውን፣ ‹‹ገንዘባችን አልቋል፣ አገሩ ይግባ›› ተብሎ ቤቱ የሞተውን ማን ይቆጥረዋል? እሱ ‹‹ታሞ ሞተ›› ነው። ዜናም አይደለም፤ ድምርም አይደለም።

ወደ ረዳቶቹ እንምጣ። አምቡላንስ ወደ አገራችን ታሪክ የገባው በጦርነት በኩል ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ድንበር የተሻገረው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፤ ማኅበሩ ቀድሟል። ያኔ የነበሩት ሰዎች ጦርነቱ እንደማይቀር አይተው ቁስለኛው ከመቁሰሉ በፊት ተሰናዱ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ከአውሮፕላን በቦምብ ሲደበደብ እንኳ ሥራው አልቆመም። ከዚያ ትውልድ የምንማረው ይህንን ነው፤ የሚመጣ ነገር እየታየ ‹‹ድንገተኛ›› አይባልም።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ ክብረት አበበ የተባለ የሰመመን ነርስ ቤቱን ሸጦ ‹‹ጠብታ››ን፣ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል አምቡላንስ አገልግሎት አቋቋመ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ አከፋፈለ። ዋናው ዓላማ ምጥ የያዛትን እናት ማድረስ ነበር፤ ቅዱስ ዓላማ ነው። በቃሬዛ መንገድ ላይ ስንት እናት እንዳለቀች የሚያውቅ ሰው ያንን መኪና ሲያይ ተንበርክኮ ቢስም አይበዛበትም።

ጭንቁ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ሮብ ማታ ነው። የወረዳው አንድ አምቡላንስ ምጥ የጠናባትን እናት ሊያመጣ ቆላ ወርዷል። በዚያው ሰዓት አንድ ጎልማሳ ራሱን ተፈንክቶ ደሙ ይፈስሳል፤ ሌላው ከመኪና ወድቆ አንገቱን አልችልም ይላል። አምቡላንሱን ማን ይውሰደው? ሁለቱን ማወዳደር ነውር ነው፤ እናቲቱ መቅደም አለባት። እኔ የምለው ጥያቄው ራሱ ባልተነሣ ነበር ነው። ማክሰኞ ማታ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ሮብ ማታ እንደ አዲስ ባንጠይቀው ኖሮ፣ ሌላ መኪና ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

‹‹መኪና ከየት ይምጣ?›› ለሚል መልስ አለኝ፤ አሁንም የሚያመላልሰው ማን ሆነና? ቁስለኛን የሚያነሣው ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ነው፤ የሚሸከመው የእድር ቃሬዛ ነው፤ የሚያደርሰው ባጃጅ ነው፤ አጥንቱን የሚዳብሰው ወጌሻ ነው። የከተሞቻችን ትክክለኛ የአደጋ ሠራተኞች እነሱ ናቸው። ደመወዝም፣ ጓንትም፣ ትምህርትም አልሰጠናቸውም። ባጃጁ ሹፌር ቁስለኛ ሲጭን የሚያገኘው ሽልማት ደም የነካው ወንበርና ‹‹አንተ ነህ የገጨኸው?›› የሚል ጥያቄ ነው። ሁለተኛ ያነሣል? እኔ እንጃ።

ጋና ውስጥ ችግሩ የእኛው ዓይነት ነበር። ተጎጂውን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው በአብዛኛው የታክሲና የሕዝብ መኪና ሹፌር ነው። እና ከሦስት መቶ በላይ ሹፌሮችን ሰብስበው የመጀመሪያ እርዳታ አስተማሯቸው። ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጭኖ መያዝ፣ ራሱን የሳተ ሰው አየር እንዳይዘጋበት ማድረግ፣ የተሰበረን ነገር ሳያንገላቱ ማሰር። ከወራት በኋላ ተመልሰው የጠየቋቸው ሹፌሮች ከግማሽ በላይ ያንን ትምህርት በእውነተኛ ተጎጂ ላይ ተጠቅመውበት ነበር። ሄሊኮፕተር አልተገዛም፤ ሰው ነው የተከበረው።

ወጌሻውንም እንዲሁ። ሐኪሞቻችን ወጌሻ ሲባል ፊታቸው የሚጠቁረው በከንቱ አይደለም። በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ያሰረው ክንድ ያብጣል፤ ደም አይዘዋወርም፤ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፤ በመጨረሻ ስብራት ብቻ የነበረበት ልጅ እጁ ይቆረጣል። መፍትሔው ግን ወጌሻውን መሳደብ ሆኖ አልተገኘም። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በዚያ ምክንያት የሚመጣው የእጅና እግር መበስበስ ጎልቶ መቀነሱን አሳይተዋል። አንድ ቀን! ለስንት ዓመት የሰደብነው ሰው የጠበቀን አንድ ቀን እንድናስተምረው ነበር።

የመድን ሕጉም ዝም አላለም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል። የሮብ ገበያተኛ ይህንን ያውቃል? ከየት ያውቃል? ገበያው ላይ የሚለፈፈው የስልክ ካርድና የሬዲዮ ባትሪ ነው፤ አዋጁን የለፈፈለት የለም።

በአዋጁ ውስጥ ያለችውን ቃል ግን ልብ አላችሁ? ‹‹አስቸኳይ›› ነው የሚለው። አማርኛ ድሃ አይደለም፤ ሁለቱንም ቃላት ሰጥቶናል። ‹‹ድንገተኛ›› የደነገጠውን ሰው ይገልጻል፤ ‹‹አስቸኳይ›› የሚሠራውን ሰው ያዝዛል። መንግሥት ለራሱ ሲሆን ቃል አይስትም፤ ‹‹የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ›› ይላል፤ ‹‹የድንገተኛ ጊዜ አዋጅ›› ሲል ሰምተን አናውቅም። ሥልጣን ሲነካ አስቸኳይ፣ የገበሬ ራስ ሲፈነከት ድንገተኛ።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ያ አዋጅ ታውጆ ነበር። ከዚያ ወዲህ በክልሉ በነበረው ውጊያ ለቁስለኛም ለወላድም መንገድ እየተዘጋ፣ የአምቡላንስ ሹፌር በሁለት ጠመንጃ መካከል ፍቃድ እየለመነ ሲያልፍ ከርሟል። ከማጭድና ከዱላ ጉዳት ጋር የጥይቱ ጉዳት ተደርቧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ሮብና ስለ መዝገብ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። ነጭ ኮት የለበሰን፣ ቀይ መስቀል የለጠፈን፣ ቃሬዛ የተሸከመን አሳልፉ የሚለው ልማድ በሰላሙ ጊዜ ሥር ካልሰደደ በክፉ ቀን ከየት ይመጣል? በሰላሙ ጊዜ ባጃጇን ‹‹የገጨኸው አንተ ነህ›› ብሎ ያሰረ ኬላ በጦርነቱ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይቸግርም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ጥቂት ዓምዶች ይጨመሩ። በምን ዕለት፣ በስንት ሰዓት፣ የት፣ በምን፣ በማን። ‹‹ወደቀ›› ለሚል መልስ ‹‹ከምን ላይ? ማን ገፋው?›› የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይታከልበት። በገበያ ቀን ከአመሻሹ ጀምሮ አንድ መኪና፣ አምቡላንስም ባይሆን፣ ተከፍሎት ገበያው አፋፍ ላይ ቆሞ ያምሽ። ለባጃጅ ሹፌሮች፣ ለገበያ ጥበቃዎች፣ ለወጌሾችና ለእድር ዳኞች በዓመት አንድ ቀን ይማሩ። ቁስለኛ ያደረሰ ሰው ስሙን ሰጥቶ፣ ምስጋና ተቀብሎ፣ ወደ ቤቱ ይግባ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ድንኳን ከሚወጣው ወጪ ብዙም አይርቅም።

በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍስ? እሱን ለመቀየር ቀለምና ብሩሽ ይበቃል፤ ‹‹አስቸኳይ›› ብሎ መጻፍ ነው። ግን ከቀለሙ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ያቺ ነርስ ማክሰኞ ማታ ማንም ሳያዝዛት ክሯንና ፋሻዋን ስታሰናዳ፣ የወረዳው ኃላፊ፣ የፖሊስ አዛዡ፣ የመኪናው ባለ ንብረት፣ ጠላ ቤት ያላት ሴትዮም ሳይቀሩ፣ ምን እያሰናዱ እንደሆነ ቢጠየቁ ጥሩ ነው። ሮብ እንደሆነ መምጣቱ አይቀርም።